የሌላ ሕዝብ ምግብ እየሠራሁ መጻፍ አማረኝ፣ ከየት ልጀምር?

ጀማሪዋ ከጀሞ፦

ሰላም ለቤቱ። ቀን ቀን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከማድ ቤት አልወጣም። እስከ ዛሬ የማበስለው ሁላችሁም የምታበስሉትን ነው፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ በዓል ሲመጣ ዶሮ። አሁን ግን የሌላ ሕዝብ ምግብ አንድ በአንድ እየሠራሁ፣ አሠራሩንና ጣዕሙን በአማርኛ መጻፍ አማረኝ። ለምን መሰላችሁ፣ ፈልጌ የማገኘው ወይ በእንግሊዝኛ ነው፣ ወይ ደግሞ በአማርኛ ቪዲዮ ሆኖ መጠን የሚባል ነገር የለውም። «ትንሽ ዘይት፣ ትንሽ ጨው፣ ከዛ ማማሰል» ይሉሻል። ትንሽ ስንት ነው?

ግን ገና ሳልጀምር ግራ ገባኝ። ፓስታና ፒዛ ልጻፍ ብል ማን ያነበዋል፣ ሁሉም ቤቱ ይሠራዋል። ራቅ ያለ ነገር ልሞክር ብል ደግሞ የሱፐርማርኬት ዋጋ ያስደነግጣል። አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ታሂኒ (የተፈጨ ሰሊጥ) አንስቼ፣ ዋጋዋን አይቼ፣ ቀስ ብዬ መልሻታለሁ። በዛ ላይ ጾመኛ ነኝ። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ሁዳዴ አለ፣ የነቢያት አለ፣ ፍልሰታ አለ። ሥጋና ቅቤ የማልቀምስበት ጊዜ ግማሽ ዓመት ገደማ ነው። ሳልቀምስ «ይጣፍጣል» ብዬ ልጻፍ? ደግሞ አንድ ነገር፣ የተጻፈውን እንዳለ ስከተል አይሆንልኝም። ሽምብራ በአንድ ሰዓት ይበስላል ይላሉ፣ የኔው በሁለት ሰዓቱም ጥርስ ይሰብራል።

እናቴማ «የሰው አገር ወጥ ምን ያደርግልሻል» ብላ ዘግታኛለች። እስቲ የሞከራችሁት ካላችሁ ምከሩኝ።

ቁንዶ በርበሬ፦

ከሽምብራው ልጀምር፣ እሱ የእጅሽ ጉዳይ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ደርሶ ሳይሆን 92 አካባቢ ላይ ነው። ከዛ በኋላ እሳቱን ብትጨምሪው ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ስለዚህ ለንደን ወይም ኒውዮርክ ያለ ሰው የጻፈው ሰዓት ለኛ አይሠራም። ሽምብራውን አሳድሪው፣ ጠዋት ውሃውን ድፊ፣ ስትቀቅይው ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ጣል አድርጊበት። ፕሬዠር ካለሽ ደግሞ ነገሩ አለቀ፤ እንፋሎቱ ስለሚታፈን ሙቀቱ ከ100 በላይ ይወጣል። ከማንኛውም ውድ ቅመም በፊት መገዛት ያለበት እሱ ነው ባይ ነኝ። ኬክ ላይ ደግሞ ቤኪንግ ፓውደሩን ከተጻፈው ቀነስ አድርጊ፣ ከፍታ ላይ ቶሎ ተነፍቶ መሐሉ ይወርዳል።

ከየት ልጀምር ላልሽው፣ አስቸገረኝ ያልሽው ጾም ራሱ ጥሩ መነሻ ነው። የሚጾመው ሕዝብ እኛ ብቻ አይደለንም እኮ። ግብፅ ኮፕቶች አሉ፣ ግሪክ አለ፣ አርመን አለ፣ ጆርጂያ አለ። ህንድ ውስጥ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ሥጋ የማይቀምስ ስንት ሕዝብ አለ። ጆርጂያኖች ስፒናች ቀቅለው፣ ጨምቀው፣ ከተፈጨ ዋልነት፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከኮምጣጤ ጋር ያሹታል፣ ፕካሊ ይሉታል። ዋልነት እዚህ ውድ ነው፣ እሱን ለጊዜው ተይው።

እኔ አንቺን ብሆን በግብፆች ኮሸሪ እጀምራለሁ። ድፍን ምስር፣ ሩዝ፣ መኮሮኒ፣ ሽምብራ፣ ላዩ ላይ ነጭ ሽንኩርትና ኮምጣጤ የገባበት የቲማቲም ስጎ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ተጠብሶ የደረቀ ሽንኩርት። ከሰፈር ሱቅ የሚታጣ ነገር የለውም። ቅቤ የለ፣ ሥጋ የለ። ሲጻፍም ወሬ አለው፤ ምስርና ሩዙ ከህንዶቹ ኪችሪ ጋር ይዛመዳል፣ መኮሮኒው ከጣልያን ወገን ነው፣ የሚበላው ደግሞ ካይሮ መንገድ ዳር፣ ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ።

ሽንኩርቱን ልብ በይ፣ ምግቡ ያለው እዛ ላይ ነው። እኛ ለወጥ ስናቁላላ ሽንኩርቱን አድቅቀን ነው፣ መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ውሃውን እስኪጨርስ። ኮሸሪ ላይ ተቃራኒው ነው የሚደረገው። በቀጭኑ፣ በረዥሙ ትቆርጪዋለሽ። ጨው ነስንሰሽበት ውሃውን ሲያወጣ በጨርቅ ታደርቂዋለሽ። አንድ ማንኪያ የፉርኖ ዱቄት አልብሰሽ በብዙ ዘይት ትጠብሺዋለሽ። ወርቃማ ሲሆን አውጪው። ቡናማ እስኪሆን ከጠበቅሽ አለቀልሽ፣ ከዘይቱ ወጥቶም መጥቆሩን አያቆምም፣ ይመርራል። ዘይቱን ደግሞ አደራ እንዳትደፊው፣ ሩዙም ስጎውም የሚሠራው በሱ ነው።

የድሬ ልጅ፦

አቦ ካይሮ ድረስ ምን አስኬዳችሁ! ድሬ ነይ። ከተማዋ ራሷ በ1902 እንደ ፈረንጆቹ ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረች ናት። ከባቡሩ ጋር ግሪኩም፣ አርመኑም፣ የመኑም፣ ህንዱም ገባ። ሰዎቹ ብዙዎቹ ሄደዋል፣ ምግቡ ግን ቀርቷል። ጠዋት ፉልና ፈጢራ ትበያለሽ። ጣፋጭ ካማረሽ ሙሸበክ አለ። ሶማሌ ቤት ከገባሽ ላሆ ይቀርብልሻል፣ ዓይን አለው፣ ስታዪው እንጀራ ነው ትያለሽ፣ ግን ስኳርና ዘይት ጣል ተደርጎበት ከሻይ ጋር የሚበላ ቁርስ ነው። ይሄው ላሆ ባሕሩን ተሻግሮ የመንም አለ።

አብሽን ተመልከቺ ደግሞ። አንቺ ቤት ምናልባት ለቅቤ ማንጠሪያ ወይ ለሚያጠባ ሰው ነው የምታውቂው። ሐረር ሁልበት መረቅ የሚሠራው በሱ ነው። የመኖች ደግሞ አብሹን ዘፍዝፈው፣ መራራውን ውሃ እየደፉ ቀይረው፣ እስኪነጣና አረፋ እስኪያወጣ ድረስ ይመቱታል፣ ከዛ የፈላ ሥጋ ወጥ ላይ ይደፉታል። አንድ ፍሬ ይዘሽ ሦስት ቤት መግባት ማለት ነው፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ።

የእርድን ነገር ግን ቀድመሽ አስቢበት። ክርስቲያን ሆነሽ ሙስሊም ቤት ስትገቢ ሥጋው አይሆንሽም፣ እኔም አንቺ ቤት ብመጣ እንዲሁ። ይሄ ነውር የለበትም። ሰርግ ስንደግስ ለየብቻ ነው የሚታረደው፣ ማንም ማንንም አይቀየምም። ሩዙንም ቢሆን ጠይቂ፣ ብዙ ጊዜ የሚበስለው በሥጋው መረቅ ነው። ያልቀመስሽውን አልቀመስኩም በይ፣ ከሚበላው ሰው አፍ የሰማሽውን ጻፊ። ሶማሌ ሩዝ ላይ ሙዝ ለምን እንደሚበላ በልቶ ካደገ ሰው ብትሰሚው ወላሂ አንቺ ቀምሰሽ ከምትጽፊው ይሻላል።

ከቤይሩት የመጣሁ፦

እህቴ ታሂኒውን መመለስሽ ጥሩ አደረግሽ። የሰሊጥ አገር ተቀምጦ ታሂኒ በዛ ዋጋ አይገዛም። ነጭ ሰሊጥ ግዢ፣ እጠቢው፣ በደንብ ይድረቅ። በቀላል እሳት አመስ አድርጊው፣ ሽታው ሲመጣልሽ አውርጂ። ቀለሙ ከተቀየረ መራራ ነው፣ ምንም አታድኚውም። ቀዝቀዝ ሲል ፍጪው። መጀመሪያ ዱቄት ይሆናል፣ ታገሺ፣ እያረፍሽ ፍጪው፣ ከዛ መርጠብ ይጀምራል። ያኔ ማንኪያ ሁለት ማንኪያ ዘይት ጨምረሽ ቀጥዪ። እኛ ለጾም የሰሊጥ ፍትፍት ስንሠራ የምናደርገው ነው እኮ፣ ልዩነቱ እነሱ ውሃ አያስነኩትም።

ሁመስን፣ ማለትም የሽምብራና የታሂኒ ልውሱን፣ የተማርኩት ሰው ቤት ስሠራ ነው፣ ማዳም አጠገቤ ቆመው እያዩኝ። ሁሉን አንድ ላይ ብሌንደር ውስጥ መክተት የለም። ታሂኒው ለብቻው ከሎሚና ከጨው ጋር ይመታል። ሎሚው ሲነካው ይጓጉላል፣ የተበላሸ ይመስላል፣ አትደንግጪ። በጣም ቀዝቃዛ ውሃ በማንኪያ በማንኪያ ጠብ እያደረግሽ ምቺው፣ ይነጣል፣ ይለሰልሳል። ሽምብራው የሚገባው ከዛ በኋላ ነው። ሽምብራው በሁለት ጣት ስትይዢው ያለ ትግል መፍረስ አለበት። የኛ ትንሿ ሽምብራ ልጣጯ ወፍራም ነው፣ ትልቁን ነጩን ፈልጊ። ካጣሽ ክኩን ተጠቀሚ፣ ቶሎ ይበስላል፣ ልጣጭም የለው። አረቦቹ እንዴት ክክ ታደርጊያለሽ ይላሉ፣ ይበሉ።

አንድ ነገር ልበልሽ። እኔ የሠራሁትን ታቡሌ የሚሉትን ሰላጣ እንግዳ ሲያደንቅ የሚመሰገኑት ማዳም ነበሩ። አንቺ አንድ ነገር ያስተማረሽ ሰው ካለ፣ ስሟን ባትፈልግ እንኳ ከየት እንደሆነች ጻፊ። አብራኝ ትሠራ የነበረች ፊሊፒንስ ናት አዶቦ ያሳየችኝ፤ ዶሮ፣ ኮምጣጤ፣ ሶያ ሶስ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ በቃ። ኮምጣጤው ከገባ በኋላ በደንብ እስኪፈላ ማማሰያ አታስገቢ ትለኝ ነበር፣ ጥሬ ጥሬ ይላል ብላ። ቤቴ ስሠራው እስከ ዛሬ አላማስልም።

ከነታንያ፦

ስለ ሰሊጥ ካነሳችሁ፣ እዚህ እስራኤል ታሂኒ ሲሸጥ ዕቃው ላይ «ከኢትዮጵያ ሰሊጥ» ተብሎ ይጻፍበታል፣ ለማስታወቂያ። የሁመራው ነው የሚመረጠው። እናንተ ደግሞ ከዚህ የሄደውን ብልቃጥ ሱፐርማርኬት ገብታችሁ በውድ ትገዛላችሁ 😄

ለጽሑፍሽ አንድ ሐሳብ ልስጥሽ። ወላጆቼ ቤተ እስራኤል ናቸው፣ ጎንደር ሳሉ በሰንበት እሳት አይነድም ነበር። ዓርብ የተጋገረው ዳቦ፣ ዓርብ የተሠራው ወጥ፣ ሰንበት ላይ በቀዝቃዛው ይበላል። እዚህ ጎረቤቶቻችን የየመን አይሁዶች ናቸው። እነሱ ደግሞ ዓርብ ከመምሸቱ በፊት ጃክኑን የሚሉትን ቅባት የገባበት ጥቅል ሊጥ ምድጃ ውስጥ ይከቱታል፣ ሌሊቱን በትንሽ ሙቀት ሲበስል ያድራል። ጠዋት ከተፈቀፈቀ ቲማቲም፣ ከተቀቀለ እንቁላልና ዝሁግ ከሚሉት የተፈጨ ቃሪያ ጋር ይበላል። ሕጉ አንድ ነው፣ በሰንበት እሳት አይለኮስም። አንዱ ቤት ቀዝቃዛ ይበላል፣ ሌላው ቤት ሲበስል ያደረ። ስለ ምግብ አሠራር ብቻ ከሆነ የሚጻፈው እንዲህ ያለው ይቀራል፣ እኔ ደግሞ ማንበብ የምፈልገው ይሄን ነው።

የጉራጌ ልጅ፦

እኔ አልስማማም። ጆርጂያ፣ ካይሮ፣ ቤይሩት ትላላችሁ። ኮጮ ማለት ክትፎ ጋ የሚቀርብ ነጭ ነገር የሚመስለው አዲስ አበቤ ሞልቷል እኮ። እንሰቱ ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል። ሲደርስ ይፋቃል፣ ሥራው የሴቶች ነው፣ ከባድ ነው። የተፋቀው በእንሰት ቅጠል በተለበደ ጉድጓድ ውስጥ ይቦካል፣ ሳምንታት ይቆያል፣ ወራትም ሊቆይ ይችላል። ሲፋቅ ከሚጨመቀው ውሃ ስር የሚዘቅጠው ደግሞ ቡላ ነው። ሥሩ ለብቻው ተቀቅሎ ይበላል፣ አምቾ ነው እሱ። ከአንድ ተክል ሦስት ምግብ። ሥጋ የለበት፣ ወተት የለበት፣ ጾሜ ላልሽውም ይሆናል።

መርካቶ የቦካውን ታገኚዋለሽ። ስትገዢ በእጅሽ ጨብጠሽ እዪው፣ ውሃው የበዛ ከሆነ የከፈልሽው ለውሃ ነው። ቤት ወስደሽ ጨምቂው። ከዛ ጣውላ ላይ ዘርግተሽ በቢላ ክሩን ደጋግመሽ ክተፊው፣ እዚህ ላይ የሰነፈ ሰው ኮጮ ጥርስ ውስጥ ይቀራል። አሽተሽ በቅጠል ጠቅልለሽ ምጣድ ላይ። ጨንቻ ዶርዜዎች ጋ ብትሄጂ ከማርና ከዳጣ ጋር ነው የሚሰጡሽ። እኛ ቤት ይሄ የለም። ትግራይ አጋመ ደግሞ የገብስ ጥህሎ አለ፣ በጣት ተድቦልቡሎ፣ በሹል እንጨት ተወግቶ፣ ቀይ ወጥ ውስጥ ገብቶ የሚበላ። ይሄን ሳትጨርሺ ወዴት ነው የምትሄጂው?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

የጉራጌ ልጅ ልክ ነህ፣ ግን ለምን አንዱን ትመርጣለች። ለጀሞ ልጅ ጥህሎም ኮሸሪም እኩል አዲስ ናቸው።

ከዚህ ከዲሲ አካባቢ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እዚህ ሐበሻና ሳልቫዶር ጎን ለጎን ነው የሚኖረው፣ ፑፑሳ የማይወድ ሐበሻ አላየሁም። የበቆሎ ቂጣ ነው፣ ውስጡ ባቄላ ወይ አይብ፣ ከጎኑ የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን። አገር ቤት ያለችው እህቴ በወፍጮ ቤት በቆሎ ልትሠራው ብላ ሊጡ እየተሰነጣጠቀ አስቸገራት። የነሱ በቆሎ ከመፈጨቱ በፊት በኖራ ውሃ ተቀቅሎ የታጠበ ነው። ኖራው ነው ሊጡን እንዲያያዝ የሚያደርገው፣ ሽታውንም የሚቀይረው። የኛ ዱቄት ምንም ብታሺው ያንን አይሆንም። ስለዚህ «በቆሎ ዱቄት» የሚል ስታዪ የትኛው በቆሎ እንደሆነ አጣሪ። ቅመም ላይም እንዲሁ፤ ሄል ያለውን ኮረሪማ አታድርጊበት፣ ከሙን ያለውን ነጭ አዝሙድ አታድርጊበት። መተካት ይቻላል፣ ግን ተክቻለሁ ብለሽ ጻፊ።

መጠኑ ላይ ያልሽው ልክ ነው። ሚዛን ግዢ፣ በግራም ጻፊ። አሜሪካኖቹ ካፕ የሚሉት 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ሚዛን የሌለው ሰው ስለሚበዛ የሻይ ብርጭቆሽን አንዴ ለክተሽ ከግራሙ ጎን አስቀምጪው።

ፎቶ ደግሞ ቀን፣ መስኮት አጠገብ። ማታ አምፖል ስር ምስር ወጥም ኮሸሪም አንድ ዓይነት ጭቃ ናቸው።

ጀማሪዋ ከጀሞ፦

ኧረ እግዜር ይስጣችሁ! አንድ መልስ ብጠብቅ ይሄን ሁሉ። ፕሬዠር ከአክስቴ ልዋስ ነው፣ ተቀምጦ አቧራ ለብሷል። የመጀመሪያው ኮሸሪ ይሆናል። ሁለተኛው ኮጮ፣ የጉራጌ ልጅ እንዳትቀየመኝ። ጎረቤታችን የቸሃ ጉራጌ ናቸው፣ እትዬን አብሬያቸው ልክተፍ ብዬ እለምናቸዋለሁ። ድሬ ደግሞ ደመወዝ ሲወጣ።

ከቤይሩት የመጣሽው እህቴ፣ ያልሽውን ስጽፍ ከማን እንደሰማሁ እጽፋለሁ። ስም ካልፈለግሽ «ቤይሩት የኖረች እህት» ልበል?

ቁንዶ በርበሬ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ምስሩና ሩዙ አብረው ነው የሚበስሉት ወይስ ለየብቻ? አንዳንዱ እንዲህ ይላል፣ አንዳንዱ እንዲያ።

ከቤይሩት የመጣሁ፦

በይ፣ ደስ ይለኛል። ታሂኒው ሲጓጉል ግን ደውዪልኝ እንዳትዪ 😂

ቁንዶ በርበሬ፦

አብረው ነው፣ ግን እኩል አይጀምሩም። ምስሩን ግማሽ እስኪበስል ቀቅለሽ አጥልዪው፣ እኛ ጋ ጊዜ ይወስዳል፣ ፓኬት ላይ ያለውን ደቂቃ አትመኚው። ሩዙን አጥበሽ በዛ በሽንኩርቱ ዘይት አመስ አድርጊው፣ ምስሩን ጨምሪበት፣ ጨው፣ ትንሽ ከሙን፣ ሙቅ ውሃ፣ ክደኚው። ለአንድ ብርጭቆ ሩዝ ግማሽ ብርጭቆ ምስር ይበቃል። ውሃውን ከተለመደው ትንሽ አስበልጪ። መኮሮኒው ለብቻው፣ ሽምብራውም ለብቻው። ስጎው ላይ ኮምጣጤው መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው፣ ቀድሞ ከገባ ሽታው ይሄዳል። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ብትጀምሪ ለምሳ ይደርሳል፣ ሽምብራው ዓርብ ማታ ከተዘፈዘፈ ማለቴ ነው።